እትዬ ክር አውራ ጣቷን ስታስተምር

እትዬ ክር የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ልብስ ስትሰፋ፣ ቀሚሷ ላይ፣ ሻሿ ላይ፣ አንዳንዴም ቅንድቧ ላይ ሳይቀር የክር ቁራጭ ሳይገኝባት የዋለችበት ቀን የለም። ስሙን የሰማች ዕለት፣ «ገመድ ካላሉኝ ምን ቸገረኝ!» ብላ ሳቀች፤ በዚያው ጸደቀ።

ታላቅ ወንድሟ ጡረታ የወጣ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሷ ግቢ ውስጥ፣ ከስፌት ክፍሏ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ወርዶ ዓሣ ሳያጠምድ ከቀረ፣ ወይ ታሟል ወይ ዝናቡ በር አላስወጣ ብሏል ማለት ነው። ታዲያ አንድ ጊዜ አራት ቅዳሜ በተከታታይ ቀረ። ምነው ሲሉት፣ «ሰለቸኝ፤ ዓሣውም አልቋል» ይላል።

እትዬ ክር አላመነችውም። አንድ ቀን በስፌት ክፍሏ መስኮት ስታየው፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ ሊያስገባ ይታገላል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሦስቴ ሞከረ። በአራተኛው መንጠቆውን ማስቀመጫ ቆርቆሮው ውስጥ መለሰና፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስል ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ያ ሰው በዘመኑ ማንንም ያቃተውን ቁልፍ በአንዲት ሽቦ የሚከፍት ነበር። እሷ ግን ጠባዩን ታውቃለች፤ «እጅህ ምን ሆነ?» ብትለው ከክፍሉ አይወጣም። ነገሩን በሆዷ ይዛ ሰነበተችና በሳምንቱ ሄደችበት።

«ወንድም ጋሼ፣ ዓሣ ማጥመድ አስተምረኝ።»

«አንቺ? ምን ነካሽ?»

«ማሽን ላይ ስጎብጥ ወገቤ አለቀ። ወጣ ብዬ ነፋስ ልቀበልበት።»

ሁለት ዘንግ አወጣ። አንደኛው ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ ክር የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛው ቆሞ ክሩ ብቻ ከላዩ እየተፈታ ይሄዳል። ሁለተኛው የራሱ ነው፤ ማጠንጠኛው ከዘንጉ በላይ ተቀምጦ፣ ሲወረወር የክሩ ጥቅል ራሱ ይሽከረከራል። እሷ እጇን ወደ ሁለተኛው ዘረጋች።

«ተይ፣ እሱ ፈረስ ነው! ልጓሙን ያልያዘን ሰው ይጥላል» አላት። «ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው የእርሳስ ክብደት አየር ላይ ሲደክም ጥቅሉ አያውቅለትም፤ መዞሩን ይቀጥላል። መሄጃ ያጣው ክር እዚያው ይተራመሳል። የሚያስቆመው አውራ ጣትሽ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ልጓሙን አሳየኝ።»

መንጠቆውን ፈትቶ እርሳስ ብቻ አሰረላትና ግቢው ውስጥ ጀመሩ። የመጀመሪያው ውርወራ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ እግሯ ሥር ዱብ አለ፤ ጥቅሉ ላይ ያለው ክር የወፍ ጎጆ መሰለ። በሁለተኛው እርሳሱ ወደ ኋላ በርሮ የጎረቤት የልብስ መዘፍዘፊያ ውስጥ ገባ። ጎረቤቲቱ ፊቷ አረፋ በአረፋ ሆኖ ብቅ አለችና፣ «እትዬ፣ ዓሣው እኛ ቤት ነው እንዴ የሚገኘው?» አለች።

ወንድሟ ግን ሌላ ነገር እያየ ነበር። በወረወረች ቁጥር ቀኝ እግሯ መሬቱን ረገጥ ለቀቅ ያደርጋል።

«አንቺ! እግርሽ ምን አገባው?»

ወደ ታች አየች። ሠላሳ አምስት ዓመት ማሽን ያስነሳና ያቆመ እግር፣ የሚዞር ነገር ባየ ቁጥር የኔ ነው ይላል ለካ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወንድሟ እንደዚያ ሲስቅ ከሰማችው ወራት አልፎ ነበር።

በማግስቱ ከማጠንጠኛው ጎን ያለችውን ብሎን አሳያት። ጥቅሉን ስትለቂው እርሳሱ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ መሬት ሲነካ ጥቅሉም አብሮ ይቁም፤ እስከዚያ አጥብቂ አላት። እትዬ ክር ዓይኗ በራ። ማሽኗ ላይ የክሩን ውጥረት የምታስተካክለው እንዲሁ አይደል! ከዚያ በኋላ ስለ ብሎኗ የሚነግራት አላስፈለጋትም።

ያስቸገራት አውራ ጣቷ ነው። መቀስ ያደደረው ጣት የክሩን መዞር አይሰማም። ወይ ጨፍልቆ ያቆመዋል፣ ወይ ጭራሽ ይለቀዋል። እሷም ሥራ ስትጨርስ ጣቷን ለብ ባለ ውኃ እየነከረች፣ በድንጋይ እየፈገፈገች፣ ቅባት ትቀባው ጀመር። ዓይኗን ጨፍና መወርወርም ለመደች፤ ዓይን ካላየ ጣት ይሰማል ብላ። ከአጥሩ ሥር ለዒላማ ሳፋ አስቀመጠች። ለአሥራ ሁለት ቀን ሳፋውን አልነካችውም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስትለው፣

«እንቁላሉማ ሄዶ ዶሮ ሆነ፤ አንቺ ነሽ የቀረሽው» ይላታል።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሳፋው ቋ! አለ። ወንድሟ ተነሥቶ ሳፋውን አምስት እርምጃ አራቀው።

መንጠቆውን አስረው ሐይቁ ዳር በወረዱበት ቅዳሜ፣ ውኃው ዳር ባለው የሲሚንቶ መድረክ ላይ አጥማጆች ተደርድረዋል። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ እሷ ደግሞ በግቢዋ ልክ ነው የወረወረችው። ነፋሱ እርሳሱን ሲይዘው ጥቅሉ መዞሩን ቀጠለ፤ ክሩ ተተራመሰ፤ ጉድ ፈላ። ሳቅ ተነሣ። ከአጥማጆቹ አንዱ፣ ግዙፍ ዕቃ ጫኝ፣ ቢላዋ አቀበላት።

«ይቁረጡት እትዬ። ይሄ አይፈታም።»

«ክር ቆርጬ የምጥለው ልብሱ ሲያልቅ ነው» አለችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ጥቅሉን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርጋለች፣ እጀታውን አንድ ዙር ታዞራለች፣ አንዲት ቀለበት ፈልጋ በስሱ ትስባለች፤ ደግሞ እንደገና። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየች። ሳቁ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ጠፋ፣ በመጨረሻ ዕቃ ጫኙ ራሱ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እጇን ያይ ነበር። የመጨረሻዋ ቋጠሮ ስትፈታ የተነፈሰው እሱ ነው።

«ለነፋስ ብሎኗን አጥብቂ፤ ዝቅ አድርገሽም ወርውሪ» አላት ወንድሟ።

አጠበቀች፤ ዝቅ አድርጋ ወረወረች። ክሩ በጣቷ ሥር እንደ ሐር ሄደ። እርሳሱ ውኃውን ሊነካ ሲል ጫን አለችው፤ ጥቅሉ ቀጥ አለ። በሦስተኛው ውርወራ ዘንጉ ጎበጠ።

«ያዘ! አትጎትቺ! አትጎትቺ! በቃ አሁን ጎትቺ!» ወንድሟ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ዓሣው ዳር ሲደርስ ዓሣ ማውጫውን መረብ በሁለት እጁ ያዘና ጎንበስ አለ። መረቡ ይርገፈገፋል። ዕቃ ጫኙ አየ፤ ሊያግዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ዓሣው ወጣ።

ወንድሟ ቁጭ አለ። «እጄ እንደ ድሮው አይደለም» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«መንጠቆው እንቢ ያለህ ቀን።»

መረቡን ጎኑ አስቀመጠ። «ታዲያ ወገቤ ያልሽው?»

«ወገቤንማ ያመኛል። አልዋሸሁም።»

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነፋሱን የሚያነብ እሱ ነው፤ ቦታውንም እሱ ይመርጣል፤ የምትወረውር እሷ። መድረኩ ላይ አርቀው ከሚወረውሩት ሦስት ሰዎች አንዷ ሆናለች። ክሩ የተተራመሰበት ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ ዕቃ ጫኙም አንድ ጠዋት ማጠንጠኛውን ኮቱ ውስጥ ደብቆ መጥቷል። ፈታችለትና፣ «ጣትህን አትቆጣት፤ አስተምራት» አለችው።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድምና እህት ተጨቃጨቁ። እሱ ከሸምበቆው በስተግራ ይላል፣ እሷ በስተቀኝ። በቀኝ ወረወረች። ምንም አልያዘችም። «አላልኩሽም?» አላት ደስ ብሎት፣ እሷም ክሩን እየጠቀለለች ወደ ግራ ዞረች።