የማ ዛኔሌን ዳታ የጨረስኩ ሰሞን

ከሌሞ የወጣሁት ገና ሳይነጋ በፈረስ ጋሪ ነው። እናቴ ሆሳዕና መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ "ልጄ፣ ድምፅህን አታጥፋብኝ!" ብላ ጮኸች። የመንገዱን ስንቱን ላውራችሁ፤ ሞያሌን ተሻግሬ፣ አገር ለአገር ስንከራተት ከርሜ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ስደርስ ሱሪዬ ሁለት ሰው ያስገባ ነበር።

እዚያ ከሦስት የአንጋጫ ልጆች ጋር ማ ዛኔሌ፣ እማማ ዛኔሌ እንደማለት፣ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ተከራየን። ሙቀቱ እርጥብ ጋቢ የመልበስ ያህል ነው፤ ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፏቸውም ቅቤ የሚባል ነገር አያውቅ! ግን ራውተር ነበራቸው። በየወሩ ተለክቶ የሚሞላውን ዳታ ለአምስት እንካፈላለን። "ቪዲዮ የለም!" ብለው አስምለውናል።

አንድ እሁድ ሆሳዕና የምታስተምረው እህቴ በቪዲዮ ደወለች። ባነሳው እናቴ! ከሁለት ዓመት በኋላ ፊቷን አየሁት። ጥቂት አውርተን ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እንዴት ልዝጋው? ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ እሷ ስታንኮራፋ እኔ ልብሴን አጠብኩ፣ ምሳዬን በላሁ። ከሰዓቱ እንዲሁ አለፈ።

በማግስቱ ማ ዛኔሌ በሬን በጡጫ ደበደቡት።

"ዳታውን ማነው የበላው?"

"እኔ ነኝ፣ ማ።"

"ምን እያየህ?"

"እናቴ ስትተኛ።"

"ስትተኛ?! ስትነቃማ ራውተሩንም ትውጠው ነበር!"

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "ለንደን ያለችው ልጄ ወልዳለች። ነገ የልጅ ልጄን በቪዲዮ ልታሳየኝ ነበር።"

ክው አልኩ። እንዳልሞላው ኪሴ ባዶ ነው። ሕፃኑን የሚያዩበት ዋይፋይ ልለምንላቸው እየሮጥኩ ጎረቤታችን ሚስተር ናይዱ ዘንድ ሄድኩ፤ በአጥሩ ማንጎ የተነሳ ከማ ዛኔሌ ጋር ከተኮራረፉ ዓመታት አልፈዋል።

"ያቺ ሴት ማንጎዬን ቆርጣለች!" አሉኝ።

"ሕፃኑ ምንም አልቆረጠም፣ ጌታዬ።"

ትክ ብለው አዩኝና ሳቃቸው መጣ። የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ስልኬ ላይ ጻፉልኝ።

ችግሩ ኔትወርኩ አጥሩን አያልፍም። በነጋታው ማ ዛኔሌ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን አድርገው አጥሩ ሥር ወንበር ላይ ቆሙ፤ እኛ አራታችን ወንበሩን ይዘናል። ሕፃኑ እያዛጋ ብቅ ሲል እልልታቸውን አቀለጡት። እኛስ መች አነስን? መንደሩ ሠርግ መሰለው! ሚስተር ናይዱ ባጥሩ ወዲያ "እስቲ ልየው" ብለው ስልኩን ወሰዱ።

"መልስ እንጂ!" አሉ ማ ዛኔሌ።

"ትንሽ ቆዪ፣ እየሳቀልኝ ነው!"

ዳታው ሲሞላ ማ ዛኔሌ ራሳቸው "እናትህን ጥራት" አሉኝ። እሳቸው በዙሉ፣ እናቴ በሀዲይኛ፣ አንድም ቃል ሳይግባቡ እየተሳሳቁ ተጨዋወቱ። በመጨረሻ እናቴ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

"ምን አለች?" አሉ ማ ዛኔሌ።

"መቼ ነው የምትመጣው አለችኝ።"

"ታዲያ ንገራታ!"

በስደተኛ ወረቀቴ ግን አንዴ አገሬ ከገባሁ ወደ ደርባን መመለስ አይፈቀድልኝም። እናቴ መልሱ እንዳያመልጣት ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች።