ልጄ የሰቀለው የጭስ ማንቂያ

ልጄ ካረፈ በኋላ ዕቃውን ሁሉ ሰጠሁ። በእኛ ዘንድ ልማዱ ይኸው ነው፤ አርባው ሳይደርስ የሟች ልብስ ለነዳያን ይከፋፈላል። ጃኬቱን አንድ ዲያቆን ወሰደ። ጫማው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ልክ ሆነ። ድሪሉንና ካቻቪቴዎቹን አብሮት ይሠራ ለነበረው ጓደኛው ሰጠሁት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ኮርኒሱ ላይ በብሎን ታስሮ ነበርና። በመኝታ ክፍሎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ የሰቀለው ክብ ነጭ የጭስ ማንቂያ።

ልጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አምቦ ውስጥ አዳዲስ ሆቴሎች ሲሠሩ መስመር ሲዘረጋ የጭስ ማንቂያ መትከልንም እዚያው ለመደ። በኋላ ከጓደኛው ጋር ሆነው ለሱቆችና ለመኖሪያ ቤቶች መሸጥ ጀመሩ። ጓደኛው ገበያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ወላጆቹ ከደቡብ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ገዢ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። እንጭኒ ከተማ ያለ አንድ ባለ ሱቅ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ፣ «ወጥ ባረረ ቁጥር የምትጮህ አማት አለችኝ፤ እሷ ደግሞ ባትሪ አትፈልግም» እንዳለው ሲነግረኝ ልጄ ራሱ በሳቅ ይሞት ነበር።

ለእኛ ቤት ሲመርጥ ግን ብዙ አሰበበት። እኔ ማድ ቤት ስቀለው አልኩት። ማድ ቤታችን ግቢው ውስጥ ለብቻው የቆመ ነው፤ እሳት ያለው እዚያ ነዋ። እምቢ አለ። እዚያ ጭስ ስለማይጠፋ ሲጮህ ይውላል፣ ትሰለቺና ታወርጂዋለሽ አለኝ። የሚያስፈልገው ሰው ተኝቶ ምንም በማይሸተው ቦታ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ የምናበራውም እዚያው ነው። የከሰል ምድጃ ግን ወደ ቤት እንዳላስገባ አጥብቆ ነገረኝ። የከሰልን መርዝ ይህ አያውቀውም አለ።

ሰቅሎ ሲጨርስ ከወንበር ላይ ወርዶ የመጥረጊያውን እጀታ አቀበለኝ። በየጊዜው ቁልፉን ጫን እያደረግሁ እንድሞክረው አሳየኝ። አሥር ዓመት ሲሞላው ያረጃል፣ ያኔ ይቀየራል አለ።

«ማን ይቀይርልኛል?» አልኩት።

«እኔ ነኛ እማዬ። የት እሄዳለሁ?»

ከሸነን ከተማ ሥራ ጨርሶ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን ሌላ የምጽፈው የለኝም። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ልጅ ሰጥቶኝ ስለነበር አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ነጠላዬን ሳላወርድ መጥረጊያውን አንስቼ ቁልፉን እጫነዋለሁ። ይጮሃል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይይዛል። እኔ ተመስገን እላለሁ። ልጄ ከሠራው ሁሉ ስጠራው የሚመልስልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሴት ልጄ፣ የእሱ እህት፣ ለመውለድ ከጊንጪ ወደ እኔ መጣች። ሴት ልጅ ወለደች። አራሷንና ሕፃኗን በልጄ ክፍል አስተኛኋቸው። ያን ጊዜ መብራት ይጠፋ ስለነበር ማታ ማታ ሻማ ታበራለች፤ አንዳንዴም ጡት እያጠባች እንቅልፍ ይወስዳታል።

በዚያው ሰሞን ማንቂያው ሳይነካ ጺው ማለት ጀመረ። አንድ ጊዜ ጺው ይላል፣ ቆይቶ ይደግማል። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤቴ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችና በኦሮምኛ «ሲምቢሮ» አለች፤ ወፍ ገብታብሻለች ማለቷ ነው። እህቱ ባትሪውን ቀየረችው። አልተወም። ሳትነግረኝ ጓደኛው ጋ ደወለች።

ጓደኛው በማግስቱ መጣ። በእጁ የያዘው ድሪል የልጄ ነበር። አዲስ ማንቂያ ከነካርቶኑ ይዟል። እኔ ጠግነው አልኩት። የሚጠገን አይደለም፣ አሥር ዓመቱ ሞልቶ ዕድሜው አልቋል አለኝ።

«እንዴት አልቋል? ትናንት ተጭኜው ጮኋል።»

ጭስ የሚያወጣ ነገር እንዳለኝ ጠየቀኝ። ከምጸልይበት ቦታ አንድ ጧፍ አምጥቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ አየውና መለሰልኝ።

«ለዚህ ይፈቀዳል እማማ? የጸሎት አይደለም እንዴ?»

«ለሕፃን ነው፤ ይፈቀዳል» አልኩት።

ወንበር ላይ ወጥቶ ጧፉን ለኮሰና እፍ ብሎ አጠፋው። ጭሱን ወደ ማንቂያው አስጠጋ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ነጩን ክብ ዞረው፣ ገባበት። እህቱም ከክፍሏ ወጥታ ሦስታችንም ቀና ብለን ጠበቅን። ምንም የለም። ጧፉን ደግሞ ለኮሰው፣ ደግሞ አጠፋው። አሁንም ዝም። ከዚያ ቁልፉን በጣቱ ተጫነው፤ እንደ ወትሮው ጮኸ። ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች።

«ድምፁ አለ እማማ። ማሽተቱ ነው የሞተው» አለና ቃሉ ካፉ ሲወጣ ደነገጠ፤ አንገቱን ደፋ።

እንግዲያው ሁለቱም ይኑሩ አልኩት፤ አዲሱን ጎኑ ስቀለው፣ የልጄን አትንካው። እህቱ ሕፃኗን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ክፍሏ ገባች። ጓደኛው ወንበሩ ላይ እንደቆመ ወደ እኔ ዞረ።

«ጺው ማለቱን አይተውም፤ ሕፃኗንም አያስተኛትም። ባትሪውን ካወጣሁት ደግሞ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፤ ያየው ሁሉ ይሠራል ብሎ ያምነዋል። እማማ፣ እሱ ቢኖር ዛሬ ያወርደው ነበር።»

እውነቱን ነው። ልጄ የማይሠራ ነገር ሰው ቤት ሰቅሎ አይሄድም ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ውስጥ እህቱ ሕፃኗን እሹሩሩ ስትላት ይሰማኛል።

«አውርደው» አልኩት።

ብሎኖቹ ጠብቀው ስለነበር ታገለው። አወረደና በሁለት እጁ ሰጠኝ። ቀላል ነበር፤ እንዲህ ቀላል አልመሰለኝም። ልጄ ከጀርባው አንድ ነገር ምልክት አድርጎ እንደሆነ ብዬ ገለበጥኩት። አቧራና የደረቀ ዝንብ ብቻ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።

አዲሱ ቦታውን ያዘ። በጧፉ ጭስ ሞከረው፤ ወዲያው ጮኸ። ድምፁ ሌላ ነው። ቀጠን ይላል።

ጓደኛው ሲሄድ አሮጌውን ልውሰደው ወይ አለኝ። ያረጁትን ሱቁ ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉም አለ። በር ድረስ ይዤው ሸኘሁት። የልጄን ልብስ ስሰጥ አልሳሳሁም ነበር፤ የሚለብሰው ሰው ነበረ። ይህን ግን የሚፈልገው ሰው የለም። ሰጠሁት። ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ ብዬ መረቅሁት። አሚን አለ፤ ፊቱን ግን አላሳየኝም።

ሕፃኗ ዛሬ ደህና ናት፤ ጥርስ ጀምራለች። የተኛችበትን ቤት ለጠበቀልኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። የአዲሱን ቁልፍ የምትጫነው እስካሁን ከእኔ ጋር ያለችው እህቱ ናት። ስትጫነው እኔ ወደ ግቢ እወጣለሁ።