ኮምፒውተሩ ያወጣው ባል

በረሃቡ ዘመን፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ በነበረ የስደተኞች መጠለያ፣ ስንዴ በቤተሰብ ቁጥር የሚታደልበትን መዝገብ የምይዝ መዝጋቢ ነበርኩ። አንድ የአርማጭሆ ገበሬ ገና ድንበር እንደተሻገረ መጣና «ወንድሜ፣ ቀድማኝ የመጣች ሚስቴን ፈልግልኝ» አለኝ።

ኮምፒውተሩን «ስሟ የሺሐረግ፣ አገሯ አርማጭሆ፣ ብቻዋን የመጣች» የሆነችውን አውጣ ብዬ አዘዝኩት። ባዶ! «ብቻዋን» የሚለውን ባነሳው አንዲት የሺሐረግ ወጣች፤ ግን «ከባሏ ጋር» ይላል። እንዴት ብዬ ልንገረው? ስንተባተብ ገባው መሰለኝ፣ ዱላውን ጨበጠ።

«ማነው ባሏ?»

እየፈራሁ ኮምፒውተሩን የባሏን ስም ብቻ አሳይ አልኩት።

«አያሌው ፈረደ ይላል።»

«እኔ ነኛ!»

ለካ ከአራት ወር በፊት «ባሌ አብሮኝ ነው» ብላ አስመዝግባው ኖሯል። ሰውየው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«እና የአራት ወር ስንዴዬን ብቻዋን በላችው?»