የእስክሪብቶ ቀለም

የካ ዳገት ላይ ያለውን ኮንዶሚኒየም የሚጠብቀውን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ጋሼ ይለዋል። በሙቀትም በብርድም ካፖርቱን አያወልቅም። በሩ ላይ ተቀምጦ ሁልጊዜ አንድ የሴት ልጅ ጫማ ይጠግናል፤ የግራው ሶል ከቀኙ በሦስት ጣት ይወፍራል።

የፖሊዮ ዘመቻ ሲመጣ ግን ጫማውን አስቀምጦ ይነሳል። ከክትባት ሰጪዎቹ ፊት እየሄደ በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። ትናንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ወጣት እናት የልጇን ትንሽ ጣት አሳየችው።

"ወስዷል፣ ጋሼ። ይኸው ቀለሙ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ቀብተውታል።"

ሰውየው የልጁን ጣት በእርጥብ አውራ ጣቱ አሸት አደረጋት። ክትባት ሰጪዎቹ የተከተበ ልጅ ጣት ላይ የሚቀቡት ቀለም በሳሙናም ቶሎ አይለቅም፤ ይኼኛው ግን የእሱ አውራ ጣት ላይ ቀረ። እናትየዋ አንገቷን ደፋች። እሱ ከእሷ ይበልጥ አፍሮ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

"ይጎዳብኛል ብለሽ ነው" አላት ወደ ግድግዳው እያየ። "እኔም ያኔ እንዳንቺ ፈርቼ የልጄን ጣት በእስክሪብቶ ቀልሜ ነበር። አመኑኝና አልፈውን ሄዱ።"

እናትየዋ የልጇን አፍ ስታስከፍት ሰውየው እዚያ አልነበረም። ደረጃውን ወርዶ፣ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ወፍራሙን ሶል ይሰፋ ነበር።