ቶኪዮ ያየሁት የቀርከሃ ቅርጫት

ልጄ በምትሠራበት በቶኪዮ ዐሥራ ሁለት ቀን ሰነበትኩ። ባለቤቴ ከእንጅባራ ስትሸኘኝ አንድ አደራ ሰጥታኝ ነበር፤ «መቼ ጠቅልላ እንደምትገባ ፊት ለፊት ጠይቀህልኝ ና። በስልክማ ትሸነግለኛለች።» እኔ ጀግናው ዐሥር ቀን ሙሉ ስለ ሾርባው፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ብዛት ስጠይቅ ከረምኩና ያቺን አንዲት ጥያቄ ዋጥኳት።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የጃፓን ጥበብ ወደሚታይበት ብሔራዊ ሙዚየም ወሰደችኝ። ሰይፉን፣ የሐር ልብሱን፣ በወርቅ የተለበጠውን መጋረጃ ተረከዜ እስኪያብጥ አየሁ። ስባሪው በወርቅ የተያያዘ የሻይ ጽዋ ፊት ስንደርስ፣ «ምነው እኔንም እንዲህ ቢጠግኑኝ» አልኳት።

«ለእርስዎ የሚበቃ ወርቅ የላቸውም፣ አባዬ።»

ቀጥሎ በመስታወት ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች የቀርከሃ ቅርጫት አየሁ። ዕድሜዬን የበላው ቀርከሃ ነው፤ ወንበርና አልጋ እየሠራሁ መንገድ ዳር ስሸጥ ኖሬአለሁ። እንደዚህች ቅርጫት እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ግን አውጥቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ቀርከሃ መብሰሉ የሚታወቀው በጣት ቋ ሲያደርጉት በሚሰጠው ድምፅ ነው። ጣቴ እኔን ሳያማክር መስታወቱን ቋ! ቋ! አደረገው።

ጥበቃው ከተፍ አለና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔስ ያለ እናት አባት ነው ያደግኩት? ከእሱ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። ደገመ። ደገምኩ። በሦስተኛው ወገቤ እዚያው ተቆልፎ ቀረ። ልጄ በአንድ እጇ እኔን ደግፋ፣ በጃፓንኛ ይቅርታ እየጠየቀች አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«ምን ነካዎት?»

«መብሰሉን ላጣራ ብዬ ነው።»

«እርስዎ ሳይወለዱ የተቆረጠ እኮ ነው!»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ፣ «መቼ ጠቅልለሽ እንደምትገቢ እናትሽ ጠይቅልኝ ብላኛለች» አልኳት።

እጇን ከትከሻዬ አነሳች። «የሥራ ውሌን አድሻለሁ፣ አባዬ። ጠቅልዬ የምገባ አይመስለኝም። እማዬን እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ሳልጠይቅም አውቀው ነበር። «እኔማ አልነግራትም» አልኩ። «ከእሷ ጋር አንድ ጣራ ሥር የምኖረው እኔ ነኝ፤ ደግሞም ፈሪ ነኝ።»

ወደ ሙዚየሙ ግቢ ወጥተን ደወልኩ። እንጅባራ ገና ጠዋት ነው። ባለቤቴ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ጠየቅካት?» አለች። «ይቺውልሽ» ብዬ ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። ራመድ ብላ ጀርባዋን አዞረችብኝ። የነገረቻትን አልሰማሁም፤ በመጨረሻ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ስትል ብቻ ሰማሁ።

ስልኩ ተመለሰልኝ።

«አንተ ግን ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ ባለቤቴ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ወዴት እቀራለሁ? ማን ይወስደኛል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር።

ያላየነው ገና ሁለት ፎቅ ነበረ። ልጄ እንቀጥል አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ክንዴን ይዛ ቀስ እያልን ወደ ባቡሩ ሄድን።