ውርጭ ላይ ያደረችው መኪና

ያ ኅዳር ውርጩ ክፉ ነበር። ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ ያን ዓመት የነበረ ሰው አይረሳውም። ማታ ለምልሞ ያደረ ባቄላ ጠዋት ሲያዩት ጠቁሮ፣ ተኮራምቶ፣ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጎመን መሬት ላይ ተኝቷል። ጣት አይታጠፍም። ታጥቦ የተሰጣ ልብስ እንደ ቁርበት ደርቆ ይቆማል። ሰዉ ግን ስለ ብርዱ አልነበረም የሚያወራው። ማን ልጁን ወደ ዐረብ አገር እንደላከ፣ ማንስ ሊልክ እንዳሰበ ነበር የሚያወራው።

ጠይባ ያን ጊዜ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ አሕመድኑር በቅሎ ነጋዴ ነበሩ። ከወረኢሉ እስከ አቀስታ የሚያውቃቸው ሰው "የእግር ሐኪም" ይላቸዋል፤ እንስሳ ሲራመድ አይተው ያለበትን ሕመም ስለሚናገሩ። ገዝተው ይሸጣሉ፣ ሸጠው ይገዛሉ፤ አንዲት በቅሎ ግን ለገበያ አልነበረችም። ዳማ ይሏታል። ሰጋር ናት። እሷ ላይ የተቀመጠ ሰው ውሃ የሞላ ብርጭቆ ቢይዝ ጠብ አይልበትም ይባል ነበር። እውነት ይሁን ውሸት፣ ብቻ አሕመድኑር ዳማ ላይ ሲወጡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ቤት ውስጥ ዝምተኛ፣ ጎበጥ ያሉ ሰውዬ ናቸው፤ ኮርቻው ላይ ግን ጀርባቸው ቀጥ ይላል።

ባቄላውን ውርጭ በበላው በሁለተኛው ሳምንት ዳማን እየሳቡ ወረኢሉ ሄዱ። ሲመለሱ በእግራቸው ነበር። ጠይባን ጅዳ ያደረሳት የዳማ ዋጋ ነው። ልጓሟን ግን አልሸጡትም፤ አምጥተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ስለ በቅሎዋ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሱም።

ጠይባ ዐሥራ አንድ ዓመት ከረመች። ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ። ታናሽ ወንድሟ ሙሐሲን ተዳረ፣ ሱቅም ተከፈተለት። ሁሉም ከሷ እጅ የወጣ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን የራሷ የምትለው ግን አንድ ጠዋት ብቻ ነበር። የአሠሪዋ ሴት ልጅ፣ እዚያ አገር ለሴቶች መንዳት በተፈቀደ ሰሞን፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ተገዛላት። አንድ ዓርብ ጠይባን አስከትላ ባሕሩ ዳር ካለ ባዶ ሜዳ ወሰደቻትና "ነይ፣ ያዥው" ብላ መሪውን ለቀቀችላት። ጠይባ ነዳጁን ስትረግጥ ጀርባዋ ከወንበሩ ጋር ልጥፍ አለ። ስንት ዓመት ወለል ሲወለውል ያጎነበሰ ጀርባ! ያን ዕለት ለራሷ ቃል ገባች፤ ለሁሉም ካደረግሁ በኋላ፣ ይችን አንዲት ነገር ለራሴ።

ቃሏን ይዛ ተመለሰች። መካነ ሰላም ልብስ ስፌት ከፈተች። የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ከአቀስታም ከወረኢሉም ትእዛዝ ይመጣላታል። ልኬት ለመውሰድ፣ የተሰፋውን ለማድረስ፣ ጨርቋን ታቅፋ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቃ በየሳምንቱ መንገድ ናት። ደሴ ተመላልሳ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከዚያም አንድ ቀን ቤተ ሰቡ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣

"መኪና ልገዛ ነው" አለች።

ሙሐሲን ጉርሻውን ሳይውጥ ፊቱ በራ። "አልሐምዱሊላህ! ፒክአፕ ነው አይደል? ሲሚንቶ እጭንበታለሁ፣ እህል እጭንበታለሁ…"

"የስፖርት መኪና። ሁለት በር ያላት።"

"ሁለት በር?" ሙሐሲን ሣቀ። "እኔን የት ልታስቀምጭኝ ነው፣ ኮፈኑ ላይ?"

"አንተን ማን ጠራህ?"

"ኧረ እህቴ፣ ሰዉ ምን ይላል? ጠይባ ዐረብ አገር ከርማ መጫወቻ ገዛች ነው የሚለው። ደግሞስ የእኛን አገር ድንጋይ ዝቅ ያለች መኪና ትችለዋለች? ሆዷን ነው የሚዘረግፈው!" አለና ወደ ግድግዳው አገጩን ቀሰረ። "ወይስ የአባን ልጓም ልታጠልቂላት ነው?"

ሣቁ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ልጓሙን በዚያ ቤት ማንም በቀልድ አንሥቶት አያውቅም። አሕመድኑር እጃቸውን ታጠቡ፣ ቀስ ብለው አደረቁ።

"ደሴ መቼ ነው የምትሄጂው?"

"ሰኞ ነው አባ።"

"አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ጠይባ ነገሩን ፈራችው። አባቷ ከመኪና ሻጩ ፊት "ተይው" ቢሏት፣ እንቢ የምትልበት አፍ የላትም። እስከ ሰኞ ድረስ ስፌቱ ላይ መርፌ ስትሰብር ሰነበተች።

ደሴ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ቢሻው የሚባል ደላላ ተቀበላቸው፤ ወሬው ከምላሱ ቀድሞ የሚሮጥ ሰው ነው። መጀመሪያ የወሰዳቸው ወደ አዲሷ ነው፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ መኪና፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ጠይባ ገብታ ተቀመጠች፤ ሽታዋ ደስ ይላል። አሕመድኑር ከፊቷ ቆመው ጠበቁ፣ ጠበቁ።

"ይቺ መቼ ነው የምትነሣው?" አሉ።

"ኧረ ተነሥታለች ሸሆቹ! እየሠራች ነው!"

አሕመድኑር ወደ ኋላ ዘለሉ። "ያረቢ! ድምፅ የላትም እንዴ? ምንድን ነው የምትበላው?"

"መብራት ነው።"

"እንግዲያ ከእኛ ጋር ትጾማለች" አሉ።

ጠይባ እንኳ ሣቀች። መኪናዋ ፈጣን ናት፣ ቆንጆም ናት፤ ግን መካነ ሰላም መብራት ሲሄድ መመለሻው አይታወቅም። ቤንዚንም ሰልፍ አለው፣ ግን ሰልፍ ቆመው ይጠብቁታል፤ መብራትን የት ቆመው ይጠብቁታል? ደግሞ ማርሽ የላትም። ጠይባ ማርሽ መቀየር ትወዳለች።

ከዚያ ቀይዋን አየቻት። ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ልክ ያችን የባሕሩ ዳር መኪና የመሰለች። ያገለገለች ናት፤ ግን ተወልውላ እንደ በርበሬ ትበራለች። ቢሻው ቁልፉን ሲያዞር በአንድ ጊዜ ተነሣች፤ ድምፅዋ ከጠይባ ደረት ውስጥ ገባ። ግቢውን አንድ ዙር ነዳቻት። ስትወርድ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አባ፣ ይቺ ናት።"

አሕመድኑር ሄደው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ዘረጉ፤ የበቅሎ ትከሻ እንደሚዳብሱ።

"ዛሬ ማን ነዳት?"

"ማንም። እርስዎን ስትጠብቅ ነው የዋለች፣ ወላሂ!" አለ ቢሻው፤ ክርስቲያን ነው፣ ለገበያው ግን ይምላል።

"አሁን ግቢውን አንድ ዙር ነው የዞረች። በአንድ ዙር እንዲህ አትግልም። እኛ ስንገባም ግላ ነበር፤ አልፌ ስሄድ እግሬን ሞቆኛል።"

"ፀሐዩ ነው ሸሆቹ።"

አሕመድኑር ቀና ብለው የደሴን ደመና አዩና፣ "የቱ ፀሐይ?" አሉ። "ነገ እንመጣለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት።"

በማግስቱ ሱብሂ ሰግደው ሲያበቁ ጠይባን ይዘው ግቢው በር ላይ ከቢሻው ቀድመው ደረሱ። ቢሻው ከሩቅ ሲያያቸው እርምጃው ዘገየ። ኮፈኑ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ቁልፉ ዞረ፤ መኪናዋ ሳለች። ደግሞ ዞረ፤ ሳለች። በአራተኛው ስትነሣ ከውስጧ እንደ አሮጌ ወፍጮ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር፤ ከኋላዋም ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው።

"ብርዱ ነው፣ ትንሽ ስትሞቅ ይተዋታል" አለ ቢሻው።

"አውቃለሁ" አሉ አሕመድኑር። "አንካሳ በቅሎን ባለቤቱ ገበያ ሳይወጣ በፊት ያስሮጠዋል። ሲሞቅ ማንከሱን ይረሳል። ገዝተኸው፣ ደጅህ አድሮ ጠዋት ሲነሣ ነው እግሩን የሚያነሣብህ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ነው ልጄ፤ እኔም አንድ ሁለቱን እንዲህ አድርጌ ሸጫለሁ፣ አላህ ይማረኝ።"

ጠይባ ግን መሪውን አልለቀቀችም። "ይጠገናል አባ። ጋራዥ አስገባታለሁ።"

"ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ ልቡም ያንቺ ነው። አልከለክልሽም። እኔ እግሯን ነው ያየሁ።"

ቢከለክሏት ይሻላት ነበር፤ እልኋን ይዛ ትገዛት ነበር። አሁን ግን ምርጫው እጇ ላይ ቀረ። ቋ ቋውን አዳመጠች። ይቺን መኪና የወደደቻት ስትነሣ ነው፤ ከእንግዲህ ግን በየማለዳው ልትነሣ ስትል የምትፈራት ናት። ቁልፉን አወጣችና ለቢሻው ሰጠችው። በዚያው ቀን ወደ መካነ ሰላም ተመለሱ።

ሙሐሲን በር ላይ ነበር። "እህ? ባዶ እጃችሁን? ነግሬሽ ነበር እኮ! አሁን እንኳ ስሚኝና ፒክአፕ…"

"ሙሐሲን" አሉ አሕመድኑር። ድምፃቸው አልጨመረም። "አንተ የምትለው አጋሰስ ነው። አጋሰስ በዚህ ቤት ሞልቶ ነበር፤ እሷ ነበረች። ይህን ቆርቆሮ የተሸከመች እሷ፣ ያንተን ሠርግ የተሸከመች እሷ። እኔ ሰጋሬን ሸጬ ልጄን አጋሰስ አደረግኋት። አሁን እሷም በተራዋ ሰጋር ትቀመጥ።"

ሙሐሲን ጫማውን አየ። ጠይባ ወደ ስፌት ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ አባቷ የዳማን ነገር ሲያነሡ ስትሰማ፣ በቅሎዋ ከተሸጠች ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ አንድ ወር አለፈ፤ መንገዱም ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ተከፈተ። አቀስታ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እሷ ዘንድ የምታሰፋ የሻለም የምትባል መምህርት አለች። ዝውውር ደርሷት መኪናዋን ልትሸጥ ነው። ጠይባ መኪናዋን ታውቃታለች፤ ሁለት በር ከጎን፣ አንድ ከኋላ፣ ትንሽ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ አምስት ማርሽ። ወጣቶቹ "የመምህርቷ ፌንጣ" ይሏታል። ቀይ አይደለችም። ጠይባ ለአባቷ ስትነግራቸው እያመነታች ነው።

አሕመድኑር አስደወሏትና ስልኩን ተቀብለው ለየሻለም አንድ ነገር ብቻ ነገሯት፤ "ልጄ፣ እኛ ነገ አቀስታ መጥተን እናድራለን። መኪናዋን ዛሬም ነገም አትንኪያት። ደጅ እንደቆመች ውርጭ ላይ አሳድሪልኝ።"

"ውርጭ ላይ? አብሽሩ አባቴ፣ እሷ መቼ ቤት አድራ ታውቃለች!"

የአቀስታ ኅዳር ነው። ሲነጋ ሜዳው ነጭ ሆኗል፤ የመኪናዋ መስታወት ላይ ውርጩ እንደ ጨው ተጋግሯል። የሻለም ጋቢዋን ተከናንባ ቁልፉን ይዛ መጣች፤ ከመስጠቷ በፊትም ጉዱን ዘረገፈችው።

"የግራ መስኮቷ አይወርድም። የሾፌሩ ወንበር ተቀዷል። በሩ ላይ ያለውን ጭረት ያደረገው አህያ ነው። ሌላ የማውቀው የለም።"

አሕመድኑር ወደ ጠይባ ዞሩ፤ በየሻለም አነጋገር ፊታቸው ተፈቷል። "ሕመሟን የሚናገር ባለቤት ገበያ ላይ አይገኝም" አሉ።

ጠይባ ገባች። "ቢስሚላህ" ብላ ቁልፉን አዞረች። አንዴ። መኪናዋ ተነሣች፤ አልሳለችም፣ አልጨሰችም፤ ድምፅዋ ወፍራምና እኩል ነው። አሕመድኑር ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መንገዱን ቁልቁል አስነዷት፣ አስመለሷት፣ ደግመው አስነዷት፤ እሳቸው ዳር ቆመው ጎማዎቹን ይመለከታሉ፣ አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ይል እንደሆነ። የኋላ ወንበሩን ጠይባ ራሷ አጠፈችው፤ ጨርቋ ከነጥቅልሉ ይገባል።

ቀኑን የሽያጩን ወረቀት ሲጨርሱ ዋሉ። በማግስቱ ወደ መካነ ሰላም ስትነዳ አባቷ አጠገቧ ናቸው፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው፣ ጠመዝማዛው በመጣ ቁጥር ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል። ሜዳው ላይ ሲወጡ መንገዱ ተዘረጋ። ጠይባ ሦስተኛ አስገባች፣ አራተኛ አስገባች፤ ጀርባዋ ከተቀደደው ወንበር ጋር ልጥፍ አለ። የጅዳው ዓርብ ትዝ አላትና ፈርታ ቀነስ አደረገች።

"ለምን ያዝሻት?" አሉ አባቷ።

"እርስዎ እንዳይደነግጡ ነው አባ።"

"ልቀቂያት።"

ለቀቀቻት። ትንሽ እንደሄዱ አሕመድኑር፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ፣ "ትሰግራለች" አሉ። ጠይባ ዞር ብላ ስታያቸው ጀርባቸው ቀጥ ብሏል።

አሕመድኑር ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት ኖሩ፤ አንድ የገበያ ቀን ሳይቀር አጠገቧ ተቀምጠው ሄዱ። ሙሐሲንም ለመሳፈር አላፈረም፤ ከኋላ ከጨርቁ ጋር ተጣጥፎ "አሁንስ ኮፈኑ ይሻል ነበር" እያለ። ልጓሙ እስካሁን ግድግዳው ላይ ነው።

ጠይባ ባለፈው ጥር ወረኢሉ ታይታ ነበር፤ ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ጎሚስታ ቤት። ጎማዋን አስነፋች፣ ኋላ የጫነችውን የዩኒፎርም ጨርቅ አስተካከለች፣ ከዚያ ብቻዋን ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ሄደች።