ጎህ ሲቀድ የሚመጡ ሽማግሌዎች

የቆርቆሮ በር ማለዳ ሲንኳኳ ስሰማ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ፣ የመጣው ጎረቤት ይሁን ውሃ ሻጭ ገና ሳላውቅ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። የቆየ ነገር ነው፣ የባቡሩ ሐዲድ በሚያልቅባት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ሳለን የያዘኝ።

አባቴ ተስፋዬ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ወደ ድሬዳዋ ይወጣና ሦስት አራት ቀን ቆይቶ፣ ልብሱ ዘይት ጠግቦ ይመለስ ነበር። እናቴ ማዕከላዊ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጥ ነበር። የአገራችን ሰዎች እድር ነበራቸው፤ ግቢያችን ሰፋ ስለሚል የእድሩ ድንኳን የሚቀመጠው እኛ ቤት ነበር።

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ በሐምሌ፣ ያ አሸዋ የሚያዘንበው ነፋስ ሲነሳና ሁላችንም አልጋ አውጥተን ደጅ በምንተኛበት ወቅት፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደበበ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጎህ ሲቀድ መጥተው፣ የእናቴ ወንድም ድሬዳዋ ላይ ታሞ ማረፉን አረዷት። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲያ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ይነገራል። እኔ ያየሁት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሦስት ሰዎች ነው፤ የሰማሁት የእናቴን ጩኸት ነው። «ልጅ ምን ያውቃል» ተባለና ጎረቤት ቤት ተላክሁ። ማን እንደሞተ እንኳ የሰማሁት ከሰው ወሬ ለቅሜ ነው። ከዚያ ወዲያ አባቴ መንገድ በወጣ ቁጥር፣ ከሁሉ ቀድሜ እየነቃሁ በሩን አይ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ስገባ ነገሩ ባሰብኝ። ማዳም የምንላት ፈረንሳይዋ አስተማሪያችን ስትጠራኝ አፌ ይያዝ ነበር፣ ዓይኔም ወደ ሐዲዱ ከሚያሳየው መስኮት አይነቀልም ነበር። ልጆቹ «ሙሴ ባቡር! መጣልህ ወይ?» እያሉ፣ አቶ ባቡር ማለታቸው ነው፣ ይሳለቁብኝ ነበር። ማዳም ግን አልሳቀችም፣ እናቴን አስጠራቻት።

«ቤት ውስጥ የሚያስፈራው ነገር አለ?» ብላ ብትጠይቃት፣

«ኧረ ምንም የለ! ኮሶ ይዞት ነው» አለች እናቴ።

ቤት ገብታም የኮሶ መድኃኒት በጥብጣ አጠጣችኝና ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴ ሲገለበጥ ቆየ። ፍርሃቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ቅዝቃዜው ገብቶ የገና በዓል ሲቃረብ፣ አባቴ መንገድ ላይ ሳለ፣ አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ባይ ጋሽ ደበበ ናቸው፣ ከሁለት ሰው ጋር፣ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ጩኸቱን ላለመስማት በጓሮ በኩል ዘልዬ ሮጥሁ፣ ሱሪ እንኳ አልለበስሁም።

የአባቴ ባቡር የሚገባበት ጣቢያ ለመድረስ በትምህርት ቤቱ ደጅ ማለፍ ግድ ነበር። ዘበኛው ፋራህ፣ ሶማሌ ነው፣ እኛ አዴር እንለው ነበር፣ አጎት ማለት ነው፣ በሩን ሲከፍት አየኝና ክንዴን ያዘ።

«ወዴት ነው አንተ ልጅ?»

«አባቴ ሞተ» አልሁት። ያን ያህል ወር አፌ ውስጥ የታፈነው ቃል ያኔ ወጣ።

ሽርጡን ከላዩ ፈትቶ እኔን አገለደመኝ፣ እሱ በቁምጣ ቀረ፣ እጄንም ይዞ ጣቢያ ወሰደኝ። ወንድሙ እዚያ ይሠራ ነበርና በስልክ አስጠየቀልን። ትንሽ ቆይቶ አዴር ፋራህ ሳቅ እያለ ተመለሰ።

«አባትህ አሊ ሳቢየህ ጣቢያን አልፏል፣ እየመጣ ነው። ሱሪ ሳትለብስ ነው የምትቀበለው?»

አላመንሁትም። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ሐዲዱን እያየሁ ተቀመጥሁ፤ አባቴ በጥቀርሻ ጠቁሮ ሲወርድ ብቻ ነው ያለቀስሁት። እናቴና ጋሽ ደበበ ሲፈልጉኝ አርፍደው ያኔ ደረሱ።

«ምን ነካው ይኼ ልጅ? እኛ የመጣነው ድንኳን ልንወስድ! የሞተው የሩቅ ሰው!» አሉ ጋሽ ደበበ እያለከለኩ።

«እሱ ምን ያውቃል ሽማግሌ? ነገርከው?» አለ አዴር ፋራህ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

ጋሽ ደበበ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ነገሩን አነሱና፣ ድንኳን ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ በሩን ሳይነካ ከሩቅ እንዲጣራ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ማለዳ ከመንገዱ ጫፍ «ለድንኳን ነው! ተስፋዬ ደህና ነው!» ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ ነበር፤ ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውት ይቀልዱብን ነበር። ማዳም ደግሞ በየእረፍቱ ወደ አዴር ፋራህ እንድሄድ ፈቀደችልኝ፤ እሱም ባቡሩ የት እንደደረሰ ይነግረኝ ነበር። ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፣ ግን እስከ እረፍት ድረስ ማንበብ ቻልሁ።

አሁን ልጄ በአዲስ አበባ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ሴት ልጁ ሆዳን ትማራለች። በትምህርት ቤቷ ልጆችን ማዳመጥ ሥራዋ የሆነ አንዲት ሴት አለች፤ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ የልጆች ሥዕል የተለጠፈበት ክፍልም አላት። በዚህ ሰሞን አስጠራችኝ። የአባቷ ስልክ ከትናንት ጀምሮ አልሠራ ብሎ፣ ልጅቷ ምሳዋን አልነካችም። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍል አልነበረም፤ የነበረን የአንድ ዘበኛ ሽርጥ ነው። ስልክም ቢሆን በእጅ አልነበረንም፤ ዛሬ አለን፣ ዝም ሲል ግን ጭንቁ ያው ነው።

እናቴ እሷም ትፈራ እንደነበር አንድም ቀን ሳትነግረኝ አለፈች። እኔም ክፍሉ ገብቼ ሆዳንን «ምንም አይደለም፣ ተጫወቺ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ተውሁት። ጉልበቴን እንደምንም አጥፌ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥሁና፣ «እኔም ፈርቻለሁ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተም አባባ?»

«እኔም።»

ምሳዋን ከፈተችና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ።